አራት ስንዝር ተኩል

ሻርጃ ነው፣ ኢንዱስትሪያል፣ ከጎማ ቤቱ ጥግ፣
ጥላው ራሱ በነሐሴ ሌላ ጥላ የሚፈልግ።
ሸምሱ፣ የኬረላው ልጅ፣ እርሳስ ሰክቶ ከጆሮው ላይ፣
የመኪናዬን የኋላ ኮፈን ከፈት አድርጎ ሲያይ፣
ሜትሩን ዘረጋ፣ አጠፈው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሣለ፤
በአረብኛም በእጁም፣ "ሳዲቅ፣" አለኝ፣ "ቦታ የታለ?"

አራት ስንዝር ተኩል በሦስት። ያለኝ ይኸው ነው፤
ክሪኩም፣ ትርፍ ጎማውም፣ የሰው ሻንጣም የሚያድረው።
ሥራዬ ሻንጣ ነው፤ ሴቶቹን ከየቤቱ እለቅማለሁ፣
ኤርፖርት አደርሳለሁ፤ ፈቃድ ስትሉኝ ዝም እላለሁ።

ታዲያ ምን አስመኘኝ? በስልክ የማዳምጠው መንዙማ
ግጥሙ ሙሉ ነው፣ ድቤው ግን አይሰማ።
ጣት ቆዳ ሲነካ ጠቅ የሚለው ብቻ ተርፎ፣
ሆዱ ቀርቷል፤ የድቤው ሆድ፣ ባሕር ማዶ ተራግፎ።
አባቴ ሲመታው እኔ በጆሮ አልሰማሁትም፤
በጎድን አጥንቴ ነው። ስልክ ጎድን አያውቅም።

ሸምሱ ሦስት ሳጥን ደረደረ።

አንደኛው ግዙፍ ነው፤ አፍ አለው ከጎኑ፣
ሲተነፍስ ብሎን ይዘላል በየቆርቆሮ ሳህኑ።
"ሰፈር ይቀሰቅሳል" አለ። እውነቱን ነው፣ ይቀሰቅሳል፤
እሱ ከገባ ግን ሻንጣዬ በየት ያልፋል?
ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ያደናግራል።
"ትርፍ ጎማውን ጣለው፣ ይገባል" አለኝ ሸምሱ።
ጎማዬ አል ዳይድ መንገድ ላይ ቢፈነዳ፣ ይመጣል እሱ?

ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ ከወንበር ሥር ገብቶ የሚያድር፣
እንደ ትሪ ጠፍጣፋ፤ ያጉረመርማል እንጂ አይናገር፤
ምሳውን እንደቀሙት ድመት።

ሦስተኛው ድፍን። አፍ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤
ትንሽ ነው፣ ከባድ ነው፣ ትንፋሹን ውጦ የያዘው።
ሸምሱ መዳፉን ከመዳፉ ገጥሞ አሳየኝ፤
"አየሩ መውጫ ሲያጣ ስትገፋው ይገፋሃል፤ ስማኝ፤
ይሄ አይጮህም። ግን ቃሉን አያዝረከርክም።"

አወቅሁት። ስምንት ነን ባንድ ክፍል፣ በአራት ተደራራቢ አልጋ፤
እኔ ከላይ ነኝ፣ አፍንጫዬ ከጣሪያው ጋር ሲዋጋ፤
ስስቅ አፌን ይዤ፣ ስቆጣ በአንሶላ ተሸፍኜ፤
ትንፋሽ አሽጎ መናገር እኔም ለምጃለሁ እዚህ ሆኜ።

ሁለት መቶ ሰማንያ ድርሃም። ሁለት መቶ ስል፣ ሃምሳ ስል፣
ሃያ ቀነሰልኝ። ጀርባውን እንደ ወንበሩ ዘንበል
አድርጎ ቆረጠው፤ ሙጫው እስኪደርቅ ካራክ ሻይ ጠጣን፤
ሂሳቡን እኔ።

ሐሙስ ሌሊት ሰዓዳን ከአጅማን ጫንኳት። ዘጠኝ ዓመቷ፣
ሦስት ሻንጣ። ሁለቱ ከሳጥኑ ጎን፣ አንዱ ከጉልበቷ።
መንዙማውን ከፈትኩ። ድልድዩን ስናልፍ፣ "ምንድነው
ጀርባዬን ቀስ አርጎ የሚመታኝ?" አለች። "ድቤ ነው።"
"እእ" ብላ ተደገፈች። ሌላ አልጠየቀች፤
ከመብራት መብራት፣ ዓይኗን ጨፍና ሄደች።

ሚዛኑ ላይ አራት ኪሎ ተረፈ። ሻንጣውን መሬት ላይ ዘርግታ
ነብር የተሳለበትን ብርድ ልብስ አወጣች፤ አየችው ለአፍታ፤
"ለእናቴ ነበር" አለች፤ አሸከመችኝ፤
ሰልፉ ገፋት።

ስመለስ ኮፈኑ ባዶ፤ ድቤው ገዘፈ፣ ሻከረ፣
ታርጋው ጥርሱን አፋጨ፣ መስታወቱ ተንጫረረ።
ዳር ይዤ ቆምኩ። ነብሩን አራት እጅ አጥፌ
ከሳጥኑ ጎን ወተፍኩት፣ በጉልበቴ ደግፌ።
ታርጋው ዝም አለ። ድቤው መጣ፣ ዝግ ብሎ፣ ከታች።
ጎድኔ አወቀው።

ከአራት ስንዝር ተኩሉ ላይ ሳጥኑ ከወሰደው ሌላ
አንድ ስንዝር ደግሞ ነብሩ በላ።
ነገ ከኡም አል ቁዌን ሁለት ሴቶች አሉብኝ፣
አምስት ሻንጣ።
እንጃ።